ከዓሣው መስሎኝ

የልጅ ልጄ ፊቷ ሞላ ሲል «የሐይቃችን ዓሣ ነው፤ ያበላኋትም እኔ ነኝ!» እያልኩ ሰፈሩን አሰለቸሁ። ጎረቤቱም «ከዓይን ያውጣት!» ይላል። ዕድሜ ልኬን ዓሣ በልቼ እንደ ሸምበቆ መቅጠኔን ግን ማን ያስታውሰኝ?

አንድ ጠዋት ዓይኗ አልገለጥ ሲላት ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ የልጅቷን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ስትጫነው ተሰርጉዶ ቀረ።

«አባባ፣ ይሄ ውፍረት ሳይሆን ውኃ ነው። የገዛ ሰውነቷ በሽታ መከላከያ ኩላሊቷን እያጠቃ ነው።»

«እንዲህ ያለ በሽታም አለ?»

«ውጭ የተቀመጡትን ልጆች አላዩም?»

አይቻቸዋለሁ፤ ጉንጫቸው ሲያምር ብዬ አልፌያቸው ነበር።

መድኃኒቷን ይዘን ስንመለስ ጎረቤቴ ትንሹን ልጇን ታቅፋ ወጣች።

«አባባ፣ እንደ እርስዎ ዓሣ አብልቼው ይኸው ወፈረልኝ!»

ጎንበስ ብዬ የልጁን ቅልጥም ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ እንደተሰረጎደ ቀረ።