ያላለቀስኩበት ግምገማ

ልጄን መሥሪያ ቤቷ ስልጠና አስገብቷት ሰሞኑን ቤቱን ስታምሰው ሰነበተች። «እማዬ፣ አለቃ ሲቆጣ ትንፋሽ ወስዶ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ነገሩን ብቻ መናገር ነው» ትለኛለች። ትናንት ጭራሽ አለቃዋ አድርጋ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝና «በይ ተቆጪኝ» አለች። አፌን ስከፍት የመጣብኝ የአቶ ጌታሁን ድምፅ ነው።

አቶ ጌታሁን በወጣትነቴ የሠራሁበት የጉለሌ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኃላፊ ነበር። አንቱታውን ዛሬ ነፍጌዋለሁ። ሰውየው ጮኾ አያውቅም፤ ሲያዋርድህ እንኳ ሻይ የሚጋብዝህ ይመስላል። እኔና ዘነበች የጨርቅ መጋዘኑን እንይዝ ነበር። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ በጣሪያው እየገባ ጣቃው ላይ ይንጠባጠባል። ደጋግመን ነገርነው። «ይታያል» ይላል። ሳይታይ ጨርቁ ሻገተ።

ያኔ ጥፋት ሲገኝ ግምገማ ይጠራል። ጥፋተኛ የተባለው ሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቆማል፣ ባልደረቦቹ ሂስ ይሰነዝሩበታል፣ እሱም ራሱን ይወቅሳል። አባቴ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ቤታችን የሚያድረው በኔ ደመወዝ ስለነበር ጭንቄ ሥራዬን እንዳላጣ ነው። እኔና ዘነበች ለግምገማ የተጠራን ዕለት ጠዋት ስወጣ አባቴ «እንባሽን ለባዳ እንዳታሳዪ። ረጋ ብለሽ እውነቱን ተናገሪ» አለኝ። በዚያ ጭቃ፣ የጥብስ በቆሎው ሽታ እያወደኝ፣ ንግግሬን እያጠናሁ ወረድኩ። በቆሎ ነፍሴ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን አላሰኘኝም።

መጀመሪያ የቆመችው ዘነበች ናት። ቃል ሳይወጣት እንባዋ ቀደማት። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል አቶ ጌታሁን ብድግ አደረጋት።

«በቃ የኔ ልጅ፣ ጥፋትሽን አምነሻል። ተቀመጪ።»

ተራዬ ደረሰ። «ጣሪያው እንደሚያፈስ በተደጋጋሚ ለእርስዎ አመልክተናል» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ጅሏ ኮራሁ!

«ፊቷን እዩልኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «ይሄ ሁሉ ንብረት ጠፍቶ ቅንጣት አላዘነችም። የመጣነው ጣሪያ ልንገመግም ነው እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ምሳ አብረውኝ የሚበሉ ሴቶች እጃቸውን እያወጡ «ትዕቢት አለባት» አሉ። ዘነበችም እንባዋ ሳይደርቅ እጇን አወጣች። «ድሮም ሰው ትንቃለች።»

ተባረርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ንጋት የት እንደቀረ እንጃ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

«አለቀስሽ?»

«አላለቀስኩም።»

«የኔ ጀግና!» አለና ፊቱ በራ። መባረሬን የነገርኩት እራቱን ከበላ በኋላ ነው።

ትናንት ታዲያ የአቶ ጌታሁንን ድምፅ ትቼ ልጄን ጮኼ ተቆጣኋት። እንደተማረችው ረጋ ብላ መለሰችልኝ፤ አማረላት። «የሚጮኸውስ ይሁን» አልኳት፣ «እስክታለቅሺለት ፈገግ ብሎ የሚጠብቀውን ምን አድርጉት አሏችሁ?»

«እ... ስለሱ አልነገሩንም» አለች።

ያንን ቀን ቢመልሱልኝ ዛሬም አላለቅስለትም፤ እሱም ዛሬም ያባርረኛል።