የእትዬ አስካለ ጃስሚን

በቀደም ሳሊተ ምሕረት ጋ በአንድ ሰው ደጅ ሳልፍ የጃስሚን ሽታ ድንገት ቢያውደኝ ክው ብዬ ቆምኩ። አበባ ሸትቶት የሚደነግጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለሁላችሁ።

ወሎ ሰፈር በየጎኑ ፎቅ በሚበቅልበት ዘመን እኔና እማዬ እትዬ አስካለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እትዬ አስካለ በዘይት ቆርቆሮ የተከሉትን ጃስሚን ክረምት ሲገባ ዝናቡ እንዳያበሰብሰው ሳሎን እያስገቡ፣ በጋ ሲሆን በረንዳ ላይ አውጥተው የሲሚንቶውን አቧራ ከቅጠሉ እየጠረጉ እንደ ልጅ ያሳድጉት ነበር፤ ማታ ማታ ሽታው እኛ ክፍል ድረስ ይገባል።

«እጅሽ ለተክል ይሆናል» ብለው ማጠጣቱን ለእኔ ሰጡኝ። «ግን የወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት እንዳታስጠጊብኝ፣ ታደርቀዋለች! የበፊቷን ተከራይ በምን ያስወጣኋት መሰለሽ?»

የካቲት ላይ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ደም አየሁ። ለእማዬም ሳልናገር፣ ካልነካሁት ይተርፋል ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት ባዶ ጣሳ ይዤ በረንዳው ላይ ደርሼ እመለስ ጀመር። ፀሐዩ እሳት ነበር። ማታ ተኝቼ አፍንጫዬን ወደ በሩ አዞራለሁ፤ ሽታው በየቀኑ እየሳሳ ሄዶ በአምስተኛው ቀን ጨርሶ ጠፋ።

«ማናት የነካችብኝ?» እትዬ አስካለ ግቢውን አናወጡት። «ካልተናገራችሁ ዛሬውኑ ዕቃችሁን ታወጣላችሁ!»

እማዬ ወጥታ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ እትዬ፤ ሳላስበው ነክቼው ነው፣ ይማሩኝ።»

«አንቺ? ይሄን የምታህል ሴት! ለልጅቷ ስል እንጂ ዛሬ አታድሪም ነበር!»

ክፍላችን ገብተን በሩን ስትዘጋ እመታለሁ ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። እሷ ግን ከሻንጣዋ ንጹሕ ጨርቅ አውጥታ እየሰጠችኝ፣ «ውኃ ጥም ነው የገደለው የኔ እናት፣ አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ጎሕ ሲቀድ ተደብቃ እያጠጣችው በግንቦት አቆጠቆጠ። እትዬ አስካለ እስኪሞቱ ድረስ የረጨሁበት ጸበል ነው ያዳነው ይሉ ነበር።

ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ጃስሚን አለኝ። ልጄ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃዋን ሰክታ፣ በፈለገችው ቀን፣ እየዘፈነች ታጠጣዋለች። እኔ ግን ጣሳውን ባነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ በልቤ ቀን እቆጥራለሁ፤ ከዚያ የእማዬ ጣት ትዝ ይለኝና አፈሩን እነካለሁ።