የሐበሾቹ እሳት አደጋ ሠራተኛ

ዙሪክ ያሉ የኛ ሰዎች ቤታቸው እሳት ቢነሳ የሚደውሉት ለከተማው እሳት አደጋ አይደለም፤ ለእንድሪያስ ነው። ጉድ በሉ እንግዲህ። የአገሩ የእሳት ቁጥር 118 መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ግን ማን ይደፍራል? በድንጋጤ ላይ ጀርመንኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ፖሊስም ተከትሎ ይመጣ ይሆናል። እንድሪያስ ግን የራስ ልጅ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በእሳት አደጋ የሠራ፣ ለቅዳሴ ሲመጣ እንኳ የጣቢያውን ጃኬት የማያወልቅ።

ጥፋቱ የራሱ ነው፤ አልሸሽግለትም። አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስለ እሳት ጥንቃቄ እንዲያስተምር ጠየቁት። ሲጨርስ ጭብጨባው ሞቅ አደረገውና፣ ጀርመንኛው ካስቸገራችሁ ለኔ ደውሉ፣ እኔ እነግርላችኋለሁ አለ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ በየማቀዝቀዣው ላይ ተለጠፈ። ቪዲኮን በሚባለው የከተማው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ትርፍነሽማ ዓይናቸውም እግራቸውም ደክሟል፤ ስለዚህ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ በቀጥታ እሱ ጋ እንዲደውል ስልካቸውን ራሱ አስተካከለላቸው።

በጥር ጣቢያው ሰው ቀነሰ። የጣቢያውን ስም ልተወው። በጀት አሉ፣ ምን አሉ፣ እንድሪያስም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። የሚያናድደው ደግሞ በዚያው ሰሞን ጄኔቭ በኩል ያለ ጣቢያ እሳት አደጋ ሠራተኛ አጣሁ ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። አንዱ ያባርራል፣ ሌላው ሰው ጠፋ ብሎ ያለቅሳል!

ለባለቤቱ ለየወይንሐረግ ብቻ ነገራት፤ ለሌላው ሆድ ይፍጀው አለ። እሷ ግን አልለቀቀችውም። ሌላው ቢቀር ለእማማ ትርፍነሽ ንገራቸው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እያለች ነዘነዘችው። እሱም እውነቷን እንደሆነ ያውቃል። ሊነግራቸው ቪዲኮን ድረስ ሄደ። እማማ ገና በር ላይ እጁን ይዘው፣ አንተ እያለህልኝ እኔ ምን እፈራለሁ ሲሉት ስለ ጤናቸው ብቻ ጠየቃቸው። ሻያቸውን ጠጥቶ ሳይነግራቸው ወጣ። እፍረት ክፉ ነው፤ ትልቁን ሰውዬ ልጅ ያደርገዋል።

በመጋቢት ሊሊ የምትባል የሰበካው ልጅ ምድጃዬ እየጨሰ ነው ብላ ደወለችለት። እሱ ያኔ የሥራ አጥ ቢሮ ተራ ይጠብቅ ነበር። እዚያው ቆሞ ለ118 ነገረላትና ደረሱላት። በሚቀጥለው እሑድ ሰው ሁሉ እሱ ነው የላካቸው እያለ መረቀው። ምርቃቱ እንደ እርግማን ከበደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገላውን ሲታጠብ እንኳ ስልኩን ከአጠገቡ አይለይም።

በሚያዝያ ከጄኔቭ ለፈተና ተጠራ። በፈተናው ሰዓት ስልክ ሣጥን ውስጥ እንደሚቆለፍ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። የወይንሐረግ አነበበችውና ቀና ብላ አየችው።

«በዚያ ሰዓት እማማ ትርፍነሽ ቢደውሉልህስ?» አለች።

«ለሁለት ሰዓት ብቻ እኮ ነው። እሑድ አዲሱን ሥራም አሮጌውንም አንድ ላይ እነግራቸዋለሁ።»

በፈተናው ቀን ባቡሩ ጄኔቭ አጠገብ ያለችውን ቨርሷን ሲያልፍ የእማማን ቁጥር አወጣ። ምን ብሎ ይጀምር? ከፈተናው በኋላ ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ፈተናውን እንዴት አድርጎ ሠራው መሰላችሁ! መሰላሉን ወጣ፣ ቱቦውን ጎተተ፣ ጭንብል አድርጎ በጨለማ በደረቱ ተሳበ። ከእሱ በዕድሜ ያነሱት ቁና ቁና ሲተነፍሱ እሱ ቆሟል። ፈታኙ እጁን ጨብጦ፣ ያጣነው እንዳንተ ያለውን ነው አለው። እንድሪያስ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ሣጥኑን ሲከፍት ስልኩ ላይ ዘጠኝ ያመለጡ ጥሪዎች ነበሩ። ዘጠኙም የእማማ ትርፍነሽ ናቸው። አንድ የድምፅ መልእክትም አለ። መልእክቱን መስማት ፈራና ቀድሞ ለእማማ ደወለ።

ያነሳው ወንድ ነው፤ ጀርመንኛ ተናጋሪ። ድምፁን ወዲያው ለየው። ሪያድ ነው፣ ከድሮው ጣቢያ አብሮት የሠራው፣ ከቅነሳው የተረፈው።

«ጎረቤት ነው የደወለልን፣ ጭሱ በመስኮት ሲወጣ አይቶ» አለ ሪያድ። «በስድስት ደቂቃ ደረስን። ግን ቀድሞ ሕይወታቸው አልፎ ነበር፤ በሩ ሥር ነው ያገኘናቸው። እንድሪያስ፣ ስልኩ እኮ እጃቸው ላይ ነበር። ለምን ለኛ አልደወሉም?»

እንድሪያስ መልሱን ያውቀዋል። ስልኩን ዘጋው። ፈታኙ ከኋላው መጥቶ የሚፈረም ወረቀት ዘረጋለት፤ እንድሪያስ አላየውም። የድምፅ መልእክቱን ከፍቶ ጆሮው ላይ አደረገ። እማማ ትርፍነሽ ናቸው፣ ሳል እያቋረጣቸው።

«ልጄ፣ ትርፍነሽ ነኝ። ጭሱ በዛብኝ። ባታነሳም አልቀየምህም፤ የሌላ ሰው እሳት ይዞህ ነው። እነሱን አውጣና ና፣ እኔ እጠብቅሃለሁ።»