ወንዝ በሞላ ቀን የተገኘ አበልጅ

ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ከቡሬ መጣ። የቅባት እህል ወደ ውጭ ከሚልክ ድርጅት ከተቀጠረ ገና መንፈቁ ነው። ፍኖተ ሰላም ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማንጎ እየላጠ ስለ ሥራው ያወራኝ ጀመር። ሥራው መጠየቅ ነው። ቆላ ወርዶ በሰሊጥ እርሻ ላይ ያሉትን ሠራተኞች፣ ማን አመጣችሁ፣ መታወቂያችሁ በእጃችሁ ነው ወይ፣ መሄድ ብትፈልጉ የሚከለክላችሁ አለ ወይ ይላቸዋል። ገዢዎቹ ሰሊጡን ማን እንዳጨደው፣ በውዴታ ይሁን በግዴታ ሳያውቁ አንገዛም ማለት ጀምረዋል አሉ። ዱሮ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም ወይ አለኝ።

ነበረ። የተጠየቅሁትም እኔ ነበርሁ። ለልጄ ግን ማንጎው ገና አልበሰለም መሰለኝ ብዬ ወሬውን ቀየርሁት።

እሱን የወለድሁት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ ከጅጋ ወደ ቋሪት በሚያወጣው የእግር መንገድ ዳር ባለች መንደር ነው። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ እኔም ገና ልጅ ነበርሁ። አርባ ቀኑ የሞላው ፍልሰታ ተፈትቶ፣ ዝናቡ ግን ሊተወን ባልፈለገበት ሰሞን ነው። ክርስትና የሚያነሣው የአክስቴ ልጅ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የብር ወንዝ ሞላና ከወዲያ ማዶ ቀረ። ሕፃኑ ታጥቦ ተጠቅልሏል፣ ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይጠብቁናል፣ ጠላው ተጠምቋል። ባሌ ታደለ ግራ ሲገባው ዙሪያውን አየና ዓይኑ እንግዳችን ላይ አረፈ። እንግዳው አበራ ይባላል። ታደለ ከጅጋ ገበያ ሲመለስ የተዋወቀው፣ ዝናብ አግዶት ቤታችን ያደረ መንገደኛ ነው። ቢጠይቀው አላመነታም። ሕፃኑን ታቀፈ፣ ማተቡ ሲታሰር ያዘው፣ ከዚያች ጧት ጀምሮ አበልጃችን ሆነ።

በእኛ አገር ዘመድ አይመረጥም፤ አበልጅ ግን ተመርምሮ፣ ተመክሮበት ነው የሚያዘው። ከተያዘ በኋላ እንቢ አይባልም፣ አይጠረጠርም። እንግዲህ የመጀመሪያ ልጇን በመንገደኛ አስነሣች እንዳልባል ፈራሁ። በግብዣው ላይ ጠላ እየቀዳሁ፣ አበራ የታደለ የጥንት ወዳጅ ነው አልሁ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ደጋግሜ ተናገርሁት፤ በመጨረሻ ለራሴም እውነት መሰለኝ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ አበራ ለልጁ ልብስ ይዞ መጣ። የጓሯችንን የበቆሎ እሸት እየበላ፣ ወደ መተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ጎበዝ ይፈልጋሉ፣ የሚሄዱትም ለጤፍ አጨዳ ይመለሳሉ አለ። የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ከበበው። ከነዚያ አንዱ የጎረቤታችን የእትየ ጥሩወርቅ ልጅ ሙሉቀን ነው። እትየ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከሙሉቀን ሌላ የሌላቸው ሴት ናቸው። አራስ ሆኜ አጥሚት እያፈሉ ያቀመሱኝ እሳቸው ነበሩ። ማምሻውን ወደ ጓሮ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"አንች ልጅ፣ ሰውየውን ታውቂዋለሽ?"

"አበልጄ እኮ ነው፣ እትየ።"

"እሱንማ አየሁ። ታውቂዋለሽ ወይ ነው የምልሽ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው።"

አላውቀውም ማለት ስችል፣ እንዲያውም ቆጣ ብዬ፣ "ባላውቀው ልጄን አስነሣው ነበር?" አልኋቸው።

ትንሽ አዩኝና፣ አንች ልጅሽን ከሰጠሽው እኔ ምን እላለሁ ብለው ገቡ። ገብሱን ቆልተው ለስንቅ በሶ ሲፈጩ ድምፁ እቤቴ ድረስ ይሰማ ነበር።

ልጆቹ አደይ በፈነዳበት ሳምንት ከጅጋ በጭነት መኪና ሄዱ። ኅዳር ገባ፣ ጤፉ ደረሰ፤ እየረገፈ ሲያስቸግር የእትየ ጥሩወርቅን ማሳ መንደሩ በደቦ አጨደላቸው። እሳቸው በየቀኑ መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። እኔን አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ ሲያገኙኝ ሕፃኑን ስመው፣ ደህና አደረ ወይ ብለው ያልፋሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ታደለ አበራን ፍለጋ ቡሬ ድረስ ሄደ። የት ነው ቤቱ፣ የማን ልጅ ነው ሲሉት የሚመልሰው አጣ። ለካ የልጃችንን የክርስትና አባት፣ የአባቱን ስም እንኳ አናውቅም ነበር።

ሙሉቀን የመጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሾፌር አዝኖለት ጭኖት ነው። ወባው አጥንቱን አውጥቶታል። ወተት ይዤ ገባሁ፤ እያረፈ ለእናቱ ይተርክላቸዋል። እንደ ደረሱ ካቦው መታወቂያቸውን ሰበሰበ። አጨዳው ሲያልቅ እንሂድ ቢሉ፣ ደላላችሁ ደመወዛችሁን አስቀድሞ ወስዷል፣ ሠርታችሁ ክፈሉ ተባሉ። ውሃው በበርሜል የሚመጣ ነው፣ በርሜሉ በካቦው እጅ ነው፤ ዙሪያው ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አለ። ጓደኞቹ ተመካክረው በጫካ ወደ ሱዳን ጠፍተው ሄዱ። እሱ ቀረ። እትየ ጥሩወርቅ ለምን አብረህ አልወጣህም አሉት።

"እትየ ስመኝ የምታውቀው ሰው ነው ብየ ነዋ" አለ። "አበልጇ ነው፣ ጥሎን አይቀርም፣ መጥቶ ይወስደናል እላቸው ነበር። እነሱ ሳቁብኝ።"

ስሜን ያነሣው እኔን ሊወቅስ አልነበረም፤ ያመጣሁለትን ወተት እየጠጣ ነው የሚናገረው። እናቱ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

ሙሉቀን ዳነ፣ አረሰ፣ ልጆች ወለደ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግን ያ ወባ እየተነሣ ይጥለዋል። እትየ ጥሩወርቅ ካረፉ ቆይተዋል። በየፋሲካው ይቅር በሉኝ ልላቸው እገባና ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ አውርተን እመለስ ነበር። ልጄ የክርስትና አባቴ ማን ነው ሲለኝ፣ ሞቷል እለዋለሁ። ይሙት ይኑር አላውቅም። ያን ሰው አንድም ቀን አላውቀውም ብዬ አላውቅም፤ ዛሬም ለልጄ ስለሱ እንደ ሞተ ዘመድ አወራለታለሁ።

እሑድ ከሰዓት ልጄ ወደ ቡሬ ሊመለስ ቦርሳውን ሲያነሣ፣ ለነዚያ ሠራተኞች አንድ ጥያቄ ጨምርላቸው አልሁት። ማን አመጣችሁ ብቻ አትበል፣ ሰውየውን ደህና ሰው ነው ያላችሁ ማን ነው በል፤ እሱንም ሄደህ፣ ሰውየውን ታውቀዋለህ ወይ ብለህ ጠይቀው። ደላላ ማንም ነው፤ ልጅ ከእናቱ እጅ የሚወጣው በሚያምኑት ሰው አፍ ነው።

ደስ አለው፤ ይህን ከየት አመጣሽው እናቴ ብሎ ሳቀ። ስትመለስ እነግርሃለሁ አልሁት። እሱ ከሄደ ወዲህ በየቀኑ፣ መጥቶ እንዳይጠይቀኝ እየፈራሁ ነው።