ዛሬ በእህቴ ስም የመጣው መልእክት

"ሚጡዬ፣ ስልክሽ ላይ ኮድ ይመጣልሻል፣ ቶሎ ላኪልኝ።"

ዛሬ ከሰዓት ጉርድ ሾላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የደረሰኝ መልእክት ነው።

መልእክቱ የመጣው አብረን በምንጫወተው የኦንላይን ጌም ውስጥ፣ ከታላቅ እህቴ ከሰላም አካውንት ነው። ሚጡ የሚለኝ ደግሞ የቤት ሰው ብቻ ነው። ኮዱ ስልኬ ላይ ሲገባ ሳላስብ ላክሁላት።

ወዲያው ጌሙ ከአካውንቴ አስወጣኝ። ፓስወርዴን ደጋግሜ ባስገባ እምቢ አለ። ለካ ኮዱ የአካውንቴን ፓስወርድ መቀየሪያ ኖሯል።

ሰላም ጋ ደወልኩ።

"ኮዱን ምን አደረግሽበት?" አልኳት።

"የምን ኮድ?" አለችኝ። "እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ መግባት አቅቶኛል። ልነግርሽ ስል ስብሰባ ገባሁ።"

(ፊቴን ያዩ ከኋላዬ የቆሙ እናት "ልጄ፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ?" አሉኝ። ጌም ነው ለማለት አፈርኩ።)

ሰልፉን ትቼ በኢሜይሌ በኩል ፓስወርዱን ቀየርኩ። አካውንቴ ተመለሰ። ጌሙ ውስጥ አራት ዓመት የሰበሰብኳቸው ልብሶችና መሣሪያዎች ግን አንዳቸውም አልቀሩም። የሰላም አካውንት እስካሁን በሌባው እጅ ነው።

ከዕቃው በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሚጡ መባሌን ያወቀው እኔና እህቴ ጌሙ ላይ የተጻጻፍነውን ወሬ ቁጭ ብሎ አንብቦ ነው። ስለ እናታችን ሕመም ያወራነውም እዚያው አለ።

"አሁን በእኔ ስም ለማን እየጻፈ ይሆን?" ትለኛለች ሰላም።

ከሁለታችን በአንዳችን ስም ኮድ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣላችሁ አትላኩ፣ መጀመሪያ ደውሉልን። እንዲህ ደርሶባችሁ አካውንታችሁን ያስመለሳችሁ ካላችሁ ደግሞ እንዴት እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ኮሜንታችሁን እየጠበቀች ነው።