«በራሷ ፈቃድ» ብዬ የመደብኩት ወረቀት

በዚያ ቅዳሜ ካዛንቺስ በሚገኘው ሳሎናችን የነበርነው ልጄ፣ ሁለት ሠዓሊ ጓደኞቿ፣ ባለቤቴና እኔ ነን። ልጄና ጓደኞቿ፣ ሥዕል መሳል ያቆሙ ሴቶች ስም ሳይጠቅሱ ለምን እንዳቆሙ የጻፉትን መልስ እያነበቡ ይወያዩ ነበር። ደንባቸው ትርጉሙን ማንም ብቻውን እንዳይወስን ነው። እኔ ግን በራሴ ጥረት የተማርኩ፣ ሥርዓት የምወድ ሰው ስለሆንኩ ወረቀቶቹን አስቀድሜ «ተከልክላ» እና «በራሷ ፈቃድ» ብዬ መድቤያቸው ነበር።

ልጄ አንዱን አነሳች። «"ደከመኝና ተውኩት" ይላል። አባባ፣ ይሄን ለምን "በራሷ ፈቃድ" ውስጥ ከተቱት?»

«ማን ከለከላት? ስንፍና ነው!» አልኩ።

«ወረቀቱ የኔ ነው» አለች ባለቤቴ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማምለጫ የለዎትም!» ብላ አንደኛዋ ጓደኛ ሳቀች።

ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ዝም ማለት አልቻልኩም። በተጋባን ሰሞን፣ ሥዕል ለባለትዳር ሴት አይሆንም ብዬ ቀለሞቿን ለጎረቤት መስጠቴን ነገርኳቸው። ከዚያም ወረቀቷ የት እንደሚመደብ ባለቤቴን ራሷን ጠየቅኳት።

«ባሌ ከለከለኝ በሉ» አለች። ልጄ እንደተባለችው ጻፈች።

እኔ የመደብኳቸውን ሁሉ እንደገና ለማንበብ ተስማማን። ስህተቴ ከእኛ ከአራታችን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ወሰደብን፤ ባለቤቴን ግን ሃያ ሦስት ዓመት አስከፍሏታል።