በክርን የሚለካ ውሃ

እጄን እስከ ክርኔ ድረስ የዓሣው ገንዳ ውስጥ ከትቼ የጠወለገ ቅጠል ስለቅም ያ ሽታ ይመጣል። የዓሣ ሽታ አይደለም። ዝናብ ካባራ በኋላ የጓሮ አፈር የሚሸተው ዓይነት ነው፤ ትንሽ እርጥብ ድንጋይ፣ ትንሽ የጎመን ቅጠል አለበት። በሳሙና ቢታጠቡትም ቶሎ አይለቅም። ዛሬ ጠዋት ከሲያትል ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ ባለው ቤቴ እጄን እያደረቅኩ አሸተትኩትና አሥራ ሦስት ዓመቴ ተመልሶ መጣ።

ያኔ የምንኖረው ሲያትል ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር፣ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። በመስኮታችን የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። እኔና እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣን ገና አንድ ወር አልሞላንም፤ አባቴ ግን ከመጣ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጥሎን ሲሄድ አምስት ዓመቴ ነው። ጥሎን ስል በክፋት አይደለም፤ የኛ ወረቀት እስኪያልቅ ያን ሁሉ ጊዜ ፈጀ። በመሃል አባቴ ማለት ለኔ በየእሑዱ ከስልክ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ነበር። "ትምህርት እንዴት ነው?" ይለኛል። "ጥሩ ነው አባዬ" እለዋለሁ። ከዚያ ስልኩን ለእናቴ አቀብላለሁ።

ድምፁ አካል ለብሶ ኤርፖርት ሲቀበለን ግን አፌ እምቢ አለኝ። ካሰብኩት አጠር ያለ፣ ከሲታ፣ ዓይነ አፋር ሰው ነበር። በስልክ ስንት ጊዜ "አባዬ" ያልኩትን ሰው ፊት ለፊት መጥራት አቃተኝ። ስፈልገው ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ፤ ቀና ብሎ እስኪያየኝ እጠብቃለሁ። እሱም ከኔ አይሻልም ነበር። ሳሎን የምተኛው እኔ ስለነበርኩ፣ በገዛ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። እናቴ ከኩሽና ሆና "አባትሽ እኮ ነው፣ አናግሪው እንጂ!" ትለኛለች፤ እሱ እየሰማ። ያኔ ሁለታችንም መሬት መሬቱን እናያለን።

አንድ ቅዳሜ ከመኪናው ኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ይዞ ገባ። ሲፈታው የመስታወት ገንዳ ነው። አንድ ጥጉ ላይ ጭረት አለው። ሲያትል ሰዎች የማይፈልጉትን ዕቃ "ፍሪ" የሚል ወረቀት ለጥፈው ደጃቸው ያወጣሉ፤ ሶፋችንም፣ መብራታችንም፣ የኔ አልጋም የመጡት እንደዚያ ስለነበር ይህንንም ከመንገድ አንስቶት ነው ብዬ ምንም አልጠየቅኩም።

"ዓሣ እናስገባበታለን" አለ፤ ለግድግዳው።

"እሺ" አልኩ፤ እኔም ለግድግዳው።

ዓሣ መሸጫው ሬኒየር መንገድ ላይ ነበር። ባለቤቱ ቬትናማዊ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ የኤርፖርት ሹፌር ስለሆነ እንግሊዝኛው ስለ ሻንጣና ስለ በር ቁጥር ሲሆን ነው የሚፈሰው፤ የሽማግሌውም ስለ ዓሣ ብቻ ነው። ሁለቱ በጣት ሲግባቡ ቆዩ። ጥቁር አፈር፣ ደቃቅ ጠጠር፣ የተጠማዘዘ እንጨት፣ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ተክል ሰጡን። አባቴ ወደ ዓሦቹ ሲያመለክት ግን ሽማግሌው አንድ ጣታቸውን ከፍ አድርገው ብዙ ተናገሩ። አባቴ ወደኔ ዞረ።

"ምን አሉ?"

የፈለገኝ ያኔ ነው፤ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ እንደምንም ተረጎምኩለት። "አንድ ወር ዓሣ የለም ነው የሚሉት። መጀመሪያ ተክሉ ይያዝ። ቆሻሻውን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ውሃው ውስጥ ይግቡ አሉ።"

ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። "ልክ ናቸው። መጀመሪያ ቤቱ ይዘጋጅ።"

ቤት ማዘጋጀቱ ግን ጉድ ነበር። አባቴ ተክሉን እንደ ጎመን ችግኝ በአውራ ጣቱ ቀበረው፤ ውሃ ስንጨምር ሁሉም ተነቅሎ ተንሳፈፈ። እንደገና ተከልነው። እንደገና ተንሳፈፈ። በመጨረሻ የእናቴን የቅንድብ መንቀያ ሰርቄ አመጣሁ፤ በሱ ሥር ሥሩን እየያዝን አንድ በአንድ ሰካን። እናቴ ሳምንት ሙሉ ፈለገችው። አባቴም አብሯት ፈለገ፤ ሶፋ ሥር እየተንበረከከ። እኔን አያየኝም፣ ግን ጆሮው ሲቀላ አየሁ። አንዱን ተክል ደግሞ እንጨቱ ላይ በክር ማሰር ነበረብን፤ እሱ ይዞ እኔ አሰርኩ። ጣታችን ሲነካካ ሁለታችንም የጋለ ብረት እንደነካ ሰው ሸሸን።

ከዚያ ያ ወር መጣ። ኅዳር ነው፤ የሲያትል ሰማይ በጠዋት ይመሻል። የኛ ምድር ቤት ግን መሃሉ ላይ አረንጓዴ መብራት ነበረው። ቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ አረፋ ይቀመጣል፤ የውሃ ማጣሪያው ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል። እኔ በዚያ ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ግን ጎንበስ ብሎ ያይና "ዓሣው የታለ?" ይላል።

"ቪዛቸው አልደረሰም" አለ አባቴ አንድ ቀን።

ቀልድ መቻሉን አላውቅም ነበር። ቀልዱ ከሱ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሰዎች አስቁመው "የዓሦቹ ኬዝ ከምን ደረሰ?" ይሉታል። "ኢንተርቪው ጨርሰዋል" ይላል እሱ ኮስተር ብሎ።

ዓሦቹ የገቡት አሥር ሆነው ነው፤ ስድስቱ ሰማያዊ መስመር ያላቸው ቀጫጭኖች፣ አራቱ ጅራታቸው እንደ ነጠላ ጥለት ያማረ ጉፒዎች። አባቴ ያሉበትን ከረጢት እንዳይበርዳቸው ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር ያመጣቸው። ሽማግሌው ያዘዙት አንድ ነገር ነው፤ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር። መጋቢዋ እኔ ሆንኩ። የምግባቸውን ቆርቆሮ ሲሰጠኝ "ኃላፊነቱ ያንቺ ነው" አለኝ፤ ኮራሁ።

ታዲያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰ። ቅዳሜ ነው፤ አባቴ ሥራ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት እናቶች ምድር ቤታችንን ሞሉት። ድፎው ተቆረሰ፣ ሳህኑ ዞረ። ዓሦች ደግሞ ሰው ሲያዩ ወደ መስታወቱ ይመጣሉ። አሥሩም ተሰልፈው የእናቶቹን አፍ ማየት ጀመሩ።

"ውይ፣ እነዚህ ልጆች ርቧቸዋል" አሉ አንዷ።

"በልተዋል እትዬ" አልኩ።

ልንገራችሁ፣ በልቻለሁ ያለን እንግዳ አምኖ የሚተው የኛ ሰው አይቼ አላውቅም። በልቻለሁ ማለት ለኛ ትንሽ ለምኑኝ ማለት ነው። "በልተዋል ትላለች! እኛ እየጎረስን እነሱ ዓይን ዓይናችንን ሲያዩን?" ቆርቆሮው ከእጄ ወጣ። አንዷ ቆነጠሩ፤ ሌላዋ "የኔንስ?" አሉ። ዞረው ተመልሰው ደግሞ ሁለተኛ አጎረሱ። በመጨረሻ ከሁሉም የሚበልጡት እማማ ከድፎው ፍርፋሪ ይዘው ተነሡ። "የማርያም ዳቦ ነው ልጄ፣ በረከት ነው።" የማርያምን ዳቦ እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል? በደንብ ያደግኩ ልጅ ነበርኩ፤ ጥፋቴ እሱ ነው።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ ሄዳለች፣ አባቴ በሌሊት ሥራ ገብቷል፣ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ብቻዬን ነኝ። ስነሣ ውሃው አጓት መስሏል። ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይለምናሉ። ሁለቱ ጠጠሩ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ስልኩን አነሣሁ። የአባቴን ቁጥር መታሁ።

"አባዬ" አልኩ። "አባዬ፣ ዓሦቹ ሊሞቱብን ነው።"

በስልክ ስለነበር ይሆናል፣ የለመደ አፌ ነው ያወጣው። በወዲያ በኩል የመኪና ቁልፍ ሲንኳኳ ሰማሁ።

"መጣሁ" አለ።

ባልደረባው ሺፍቱን ከቨር አድርጎለት እስኪደርስ የሆነ አርባ ደቂቃ ይሆናል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰበብ ስሠራ ነበር። እናቶቹን ላሳጣ? ራሴን ላሳጣ? ኃላፊነት ሰጥቶኝ አበላሸሁ፤ ከእንግዲህ ይህ ሰው ጭራሽ አያናግረኝም ብዬ ነበር።

ማን እንዳደረገው እንኳ አልጠየቀም። ከነዩኒፎርሙ፣ ከነክራቫቱ ተንበርክኮ ቱቦውን ገንዳው ውስጥ ከተተና ውሃው እንዲወርድ በአፉ ሳበው። አብዝቶ ስለሳበ ግን ዋጠው። ቆም አለ። ከንፈሩን ላሰ።

"ዳቦ ዳቦ ይላል" አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። እንዳልሥቅ አፌን ብይዘውም በአፍንጫዬ ወጣ። እሱም ጀመረው። ቱቦው ከእጁ አምልጦ ምንጣፉን ሲያርስ፣ እኛ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪወርድ ስንሥቅ ነበር። ይህ አባቴ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ አዲሱን ውሃ ሞቅ አድርገን በባልዲ ቀዳን። አባቴ እጅጌውን ሰበሰበና ክርኑን ነከረ።

"በጣትህ አይሻልም?" አልኩት።

"ሥራ የለመደ ጣት ሙቀት አይለይም። አንቺን ሳጥብ በክርኔ ነበር የምለካው።"

"አንተ ነህ እንዴ ያጠብከኝ?"

"እናትሽ ወልዳ ታማ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እኔ ነኝ። ሰፈሩ ሲሥቅብኝ!" ባልዲውን አነሣ። "ውሃ ትወጂ ነበር። ካወጣሁሽ ታለቅሻለሽ።"

ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እኔ አባቴን ከስልኩ ነበር የምጀምረው፤ ለካ ከስልኩ በፊት ክርኑ ነበር። ደስታዬን የት እንደማደርገው ስላጣሁ ሁለተኛውን ባልዲ ልቀዳ ሮጥኩ።

ሁለት ዓሣ ሞተብን። ስምንቱ ተረፉ። ሳምንቱን ሁሉ ከሥራ ሲመለስ "ሚጡ፣ ውሃ ቼንጅ እናድርግ" ይላል፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ። ቱቦውን እኔ፣ ክርኑን እሱ። የቤቱን ወሬ ሁሉ የጨረስነው በዚያ ባልዲ ዙሪያ ነው፤ የክፍሌን ልጆች በጫማቸው እየለየሁ ስነግረው፣ እሱ ከኤርፖርት የሚጭናቸውን ሰዎች በሻንጣቸው ይነግረኛል። ከዚያ አባቴ ወረቀት ወስዶ በደማቅ ቀለም ጻፈና መስታወቱ ላይ ለጠፈው፦ "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በልተናል። ዓሦቹ።" እናቶቹ አንብበው ሣቁ፤ አላመኑም። ስለዚህ የማኅበር ቀን ቆርቆሮው አባቴ ኪስ ውስጥ ይውል ነበር። ጉፒዎቹ ሲወልዱ ደግሞ ቅንድብ የምታክል ልጅ ሁሉ በአድናቆት ተቆጠረች፤ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ "ሲቲዝን ወለዱ" ብሎ አወጀ።

አምና ገንዳውን ወደኔ ቤት ስናመጣው አንድ የአባቴ የጥንት ጓደኛ ሊያግዙን መጡ። እኛ ከመምጣታችን በፊት ማውንት ቤከር ሰፈር ከሱ ጋር በደባልነት ይኖሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ጥጉ ላይ ያለውን ጭረት ሲያዩ ቆሙ።

"ይሄ ነገር አልተሰበረም እንዴ? ስንት ቤት አሸክሞኛል!"

"የትኛው?" አልኩ።

"ይሄ ነዋ። በመጣ በዓመቱ ነው ያነሣው። ሳንቃ ደርበን ስንት ዓመት እራት በልተንበታል። እንጣለው ስለው፣ ልጄ በስልክ ዓሣ እፈልጋለሁ ብላኛለች፣ ስትመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ይላል።"

እኔ እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። የስድስት ዓመት ልጅ ምን የማይጠይቀው አለ? በሚቀጥለው እሑድ ብስክሌት ጠይቄው ይሆናል። አባቴን አየሁት። የገንዳውን ወዲያኛውን ጫፍ እንደያዘ "በሩን ክፈቺልኝ፣ ከበደኝ" አለ። በሩን ከፈትኩ። እንባዬን የጠረግኩት በሩ ኋላ ሆኜ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ይመጣል። ገንዳውን እናጸዳለን፤ ከዚያ የዘጠኝ ወር ልጄን እናጥባለን። የውሃ ሙቀት መለኪያ ገዝቻለሁ፤ ዳክዬ ትመስላለች፣ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ታበራለች። አባቴ ዳክዬዋን በንቀት ገለል ያደርግና እጅጌውን ይሰበስባል። የክርኑ ቆዳ ሳስቷል። እጁም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዛሬም ነከረና ጥቂት ቆየ።

"ቀዝቅዟል" አለ። "ትንሽ ሙቅ ጨምሪበት።"

ዳክዬዋ አረንጓዴ ታበራ ነበር። እኔም በክርኔ ለክቼው ነበር፤ ልክ ነው።

"እሺ አባዬ" አልኩና፣ ዞር ሲል ጠብቄ ከዚያው ከልጄ መታጠቢያ አንድ ኩባያ ቀድቼ መልሼ ጨመርኩበት። ክርኑን ደግሞ ነከረ።

"አሁን ልክ ሆነ" አለ፤ ልጄን ተቀበለኝ።